ብሎኬት ሰባሪው ይችላል ወይስ ያታልላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ ቴኳንዶ ይሠራል። በቅርቡ ልጆቹ ቀበቶ ሲቀበሉ ወላጆች ተጠርተን ነበር። መጨረሻ ላይ አሠልጣኞቹ ትርኢት አሳዩን። አንዱ አምስት ጣውላ ደርድሮ በእጁ ሰበረ። ሌላው ብሎኬት በግንባሩ ፈረከሰ። ሦስተኛው ተንጋለለና ሆዱ ላይ ብሎኬት ጭነው በመዶሻ ሲመቱት ምንም ሳይሆን ተነሣ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ባለቤቴ ግን «ሁሉም ድራማ ነው፣ ብሎኬቱም የውሸት ነው» እያለ ሳቀ። ልጄ ተቀይሞት እስከ ማታ አላናገረውም። አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ያገኘውን እንጨት ሁሉ በእጁ መደብደብ ጀምሯል። ማናቸው ናቸው ልክ? ልጁንስ ልከልክለው?
እናት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ብሎኬቱን መጠርጠሩ አይፈረድበትም። «ሁሉም ድራማ ነው» ባለው ግን አልስማማም። ያየሽው ሦስት ትርኢት ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

እኔ ይሄን ነገር የማውቀው በጓዳው በኩል ነው። ያደግኩት ገዳም ሰፈር ነው። በኛ ጊዜ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የካራቴ ፊልም ያላየ፣ ከመጥረጊያ እንጨት ኖንቻክ ያልሠራ ልጅ አልነበረም። በኋላ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ጀመርኩ። ትርኢት ሲደርስ ዕቃ ግዛ ተብሎ የሚላከው ትንሹ ቀበቶ ነው። እሱም እኔ ነበርኩ። ብሎኬት የሚሸጡልን ሰውዬ ሁሌም ግራ ይገባቸዋል። ሰው ሁሉ ጠንካራውን ለማግኘት እያንኳኳ ይመርጣል፤ እኛ ውሃ ያልጠጣውን እንፈልጋለን።

ቤት ያሠራ ሰው ይሄ ይገባዋል። ብሎኬት ከተመረተ በኋላ ለቀናት ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም። የኮንክሪት ጥንካሬ በደንቡ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የአዲስ አበባ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው፤ ብዙ ጊዜም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ክላስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ በደረጃ ይሸጣል። ትርኢት ላይ ጠንካራው ክላስ ኤ ሲሰበር አይቼ አላውቅም።

ባለቤትሽ ይሄን ሲሰማ «አላልኩም?» ይላል። ትንሽ ይታገሰኝ።

በደንብ ውሃ የጠጣ ኮንክሪትም ቢሆን በእጅ ይሰበራል። ኮንክሪት ሲጫኑት ኃይለኛ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። መሳብን የሚችለው መጫንን ከሚችለው አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነው። ሁለት ጫፉ ላይ ተደግፎ መሐሉን ሲመቱት በትንሹ ይጎብጣል፣ የታችኛው ፊቱ ይሳባል፣ ስንጥቁም ከሥር ይጀምራል። ግንበኛ የቢም ዋናውን ፌሮ ከታች የሚያስረው ለዚሁ ነው። የትርኢት ኮንክሪት ደግሞ ፌሮ የለውም።

እጅስ? እ.ኤ.አ. በ1979 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፊዚክስ ሰዎች ይሄንኑ ለክተው ጽፈዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሮናልድ ማክኔር ነው። ራሱም ጥቁር ቀበቶ የነበረው የካራቴ ሰው ነው። በኋላ ጠፈርተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 በቻሌንጀር አደጋ ሕይወቱ አለፈ። እነሱ እንዳሉት ጣውላ ለመስበር እጅ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ መፍጠን አለበት። ይሄን ጀማሪም ይደርስበታል። ኮንክሪት ግን ከ10 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ እዚያ የሚደርሰው የሠለጠነ ሰው ነው። አጥንት ደግሞ ከኮንክሪት 40 እጥፍ የሚበልጥ ጫና ሳይሰበር ይችላል። ስለዚህ አመታቱን ያወቀ ሰው እጅ ሳይጎዳ ኮንክሪቱ ቢሰበር ተአምርም ውሸትም አይደለም።

ችግሩ «አመታቱን ያወቀ» የሚለው ላይ ነው። ሰው ጠንካራ ነገር ሊመታ ሲል ሳያውቀው እጁን ያዘገያል። ሰውነት ራሱን ይጠብቃል፣ ምን ይደረግ! አሠልጣኝ ወራት የሚፈጀው ይሄን ፍርሃት ለማስለቀቅ ነው። ጣውላውን ሳይሆን ከጣውላው ወዲያ ያለውን ምታ ይባላል። ርቀትም አለ። ቡጢ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የሚደርሰው ክንድ ሙሉ በሙሉ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ከዚያ ካለፈ እየሞተ ነው የሚሄደው። መሐሉን ስቶ ወደ ጠርዝ የመታ ሰው እጁን አቅፎ ሲቀመጥ ስንቴ አይቻለሁ።

ወደ አምስቱ ጣውላ እንምጣ። መጀመሪያ የእንጨቱን ጭረት፣ ማለትም በቁመቱ የሚሄደውን መስመር፣ እዪ። ማገዶ ፈላጭ ግንዱን በቁመቱ እንጂ በአግድሙ እንደማይፈልጠው ሁሉ፣ ትርኢት ላይም ጣውላው የሚቆረጠውና የሚደገፈው በጭረቱ እንዲሰነጠቅ ተደርጎ ነው። ይሄ ማታለል አይደለም፣ በየትም አገር እንዲሁ ነው። በጭረቱ አቋራጭ ልስበር ያለ ሰው አጥንት ሐኪም ቤት ነው የሚያድረው።

ቀጥሎ በጣውላዎቹ መካከል እርሳስ ወይም ስንጥር ገብቶ እንደሆነ አስታውሺ። ክፍተት ካለ እጁ አምስቱን በአንድ ጊዜ አይመታም። የመጀመሪያው ይሰበራል፣ ስብርባሪው ከእጁ ጋር ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፣ እያለ ይቀጥላል። ፍጥነት ይፈልጋል፣ ግን ከሩቅ እንደሚመስለው አይደለም። እኔ ክፍተት ካላቸው አምስት ጣውላዎች ይልቅ ተጣብቀው ለተደረደሩ ሁለት አጨበጭባለሁ። ጣውላውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ማብሰል፣ ሲብስም ምድጃ ውስጥ ማድረቅ የሚባል ነገርም አለ። የደረቀ እንጨት አይለምጥም፣ ቀጭ ይላል። ይሄን ያደረገ ሰው ግን አታላይ ብትዪው አልከራከርሽም።

ንጹሕ ሽወዳ የምለው የድንጋዩን ነው፣ እናንተ ዘንድ ባይታይም። ሰውዬው ድንጋይ ሌላ ድንጋይ ላይ ደግፎ በእጁ ጎን ይመታል። ከመምታቱ በፊት በግራ እጁ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ዓይን አይይዘውም። ሲመታው ድንጋዩ ወርዶ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ጋር ይላተማል። ድንጋዩን የሰበረው ድንጋይ ነው፣ ጭብጨባው ለእጅ ይሆናል።

የሆዱ ላይ ብሎኬትማ ጭራሽ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። ከባድ ነገር በድንገት ቢመታ ቶሎ አይንቀሳቀስም፤ የመዶሻው ጉልበት አብዛኛው ብሎኬቱን ለመፈርከስ ያልቃል። እንዲያውም ብሎኬቱ ከበድ ሲል ለተኛው ሰው ይሻለዋል፣ ሳይሰበር ሲቀር ነው ጉዱ። እዚያ ላይ ችሎታ ካለ የመዶሻ መቺው ነው። እሱን ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ግንባሩን ግን እውነተኛም ይሁን የውሸት አልወደውም። የራስ ቅል ቢችልም ውስጡ ያለው አንጎል ይናወጣል፤ ሲደጋገም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ልጆች ፊት ማሳየት ደግሞ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም።

እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ የምቆምለት ሰባሪ ሌላ ነው። አንድ ጣውላ ብቻ፣ ያውም አንድ ሰው በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞት። ደጋፊ ስለሌለው ቀስ ብሎ የመጣ ምት ይገፋዋል እንጂ አይሰብረውም። የሚሰብረው ፍጥነት ብቻ ነው። ጣውላውን አስቀድሞ በመጋዝ መንካት፣ ምድጃ፣ ውሃ ያልጠጣ ብሎኬት እዚህ አያግዙም። ሕዝቡ ግን ለዚህ ብዙም አያጨበጭብም፣ አቧራ የለውማ።

ደግሞ ሰበራ ቴኳንዶው ራሱ አይደለም። የኛው የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ58 ኪሎ ሲጋጠም ጣውላ ስበር ያለው የለም። ነጥብ የሚገኘው ተጋጣሚን በመምታት ነው፤ ተጋጣሚ ደግሞ እንደ ጣውላ ቆሞ አይጠብቅም። ከኦሎምፒኩ በተለየው በአይቲኤፍ (ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ቴኳንዶ ግን ሰበራ ራሱን የቻለ የውድድር ዓይነት ነው፣ ዳኛ አለው። ዳኛ ባለበት ሽወዳው ይቀንሳል።

ልጅሽን አትከልክዪው፤ ብትከልክዪውም ተደብቆ ይመታል። እንጨትና ግድግዳ መደብደቡን ግን ዛሬውኑ አስቁሚው። በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ጫፎች ገና እያደጉ ነው፣ እዚያ ላይ ጉዳት ከደረሰ እጁ ተጣሞ ሊያድግ ይችላል። ጉጉቱን መወጣት ካለበት ተሰብሮ ተመልሶ የሚገጠም የፕላስቲክ ጣውላ አለ፣ እንደ ጥንካሬው በቀለም የሚለይ። አሠልጣኙ ባለበት፣ ቀላሉን፣ በእግሩ ይሞክር። አሠልጣኙንም ብሎኬትና ግንባር ለልጆች ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚፈቅድ ጠይቂው። «እስኪያድጉ አይነኩም» ካለሽ ልጁን ተይለት። «ይለምዱታል» ካለሽ የዚህን ወር ከፍለሽም ቢሆን ሌላ ጂም ፈልጊ።