ታይላንድ ወይስ ቬትናም? ለመጀመሪያው የእስያ ጉዞ፣ ጥያቄና መልስ

እስያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ከተነሡ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚደጋገምብኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሁለቱንም አገሮች ደጋግሜ ዞሬባቸዋለሁ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ቢሆንም «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» ብዬ ላሰናብታችሁ አልፈልግም፤ እንደ ጠያቂው ሁኔታ አንዱ ከሌላው በግልጽ ይሻላል። ወራቱና ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ያለኝ እረፍት አሥር ቀን ብቻ ነው። የቱን ልምረጥ?

ታይላንድን። ምክንያቱም የአገሩ አቀማመጥ ነው። ታይላንድ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ከባንኮክ ይነሣል፣ ወደ ባንኮክ ይመለሳል። ከተማዋን ሁለት ሦስት ቀን ታያለህ፤ በ1767 በበርማ ጦር የወደመችውን የቀድሞ ዋና ከተማ አዩታያን፣ ከባንኮክ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ጠዋት ሄደህ ማታ ትመለሳለህ። ከዚያ በመኝታ ባቡር ተሳፍረህ ሲነጋ በሰሜኑ ተራሮች መካከል ያለችው ቺያንግ ማይ ትደርሳለህ፤ ወይም ተራራውን ትተህ ወደ ባሕሩ ትወርዳለህ።

ቬትናም ከሰሜን ወደ ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ቀጭን አገር ነው። በሰሜን ካለችው ሃኖይ በደቡብ እስካለችው ሆ ቺ ሚን ከተማ ያለው የባቡር መስመር 1,726 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጉዞው ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በአሥር ቀን ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው ከአገሩ ይልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎቹን አይቶ ይመለሳል። ልብህ ቬትናም ላይ ከሆነ ሰሜኑን ብቻ ወይም መካከለኛውን ብቻ ያዝ፤ የቀረው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አየሩስ? የምንሄደው ምናልባት በዲሴምበር፣ ካልሆነም በጁላይ ነው።

ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ከአገር ምርጫው በፊት ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ሰዎች አገሩን ይመርጣሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፣ ስለ ዝናቡ የሚሰሙት ከዚያ በኋላ ነው።

በዲሴምበር ከሆነ ወደ ታይላንድ ሂዱ። በአንዳማን ባሕር በኩል ያሉት ፉኬትና ክራቢ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ደረቅ ናቸው፣ ባሕሩም ጸጥ ያለ ነው። በሌላው ወገን ያለችው የሳሙይ ደሴት ግን ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ዶፍ ይወርድባታል፤ ሁለቱ የባሕር ዳርቻዎች አንድ ዓይነት ወቅት የላቸውም። በዚሁ ጊዜ በመካከለኛው ቬትናም፣ በሁዌና በሆይ አን፣ ዝናቡ ገና አያባራም። በተለይ በኦክቶበርና በኖቬምበር የሆይ አን ወንዝ ሞልቶ አሮጌው ከተማ ውስጥ ሰው በጀልባ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሃኖይ በዲሴምበር ትበርዳለች፤ ከ15 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ስላሉ ሹራብ ያስፈልጋል።

በጁላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የአንዳማን ባሕር ይናወጣል፣ የዳ ናንግና የሆይ አን ዳርቻ ግን ደረቅና ሞቃት ይሆናል። ያን ጊዜ ቬትናምን ምረጡ፤ ሙቀቱ ብርቱ መሆኑን ግን ቀድማችሁ እወቁ።

ማርችን ላሰባችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ቺያንግ ማይ በፌብሩዋሪና በኤፕሪል መካከል የሰብል ቅሪትና ጫካ ስለሚቃጠል በጭስ ትታፈናለች። ዙሪያዋን የከበቧት ተራሮች የማይታዩባቸው ቀናት አሉ። የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው በዚያ ወቅት ባይሄድ ይሻላል። ቬትናም ግን በማርችና በኤፕሪል ከዳር እስከ ዳር የሚመች አየር አለው።

ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነኝ። ያስፈራል?

አያስፈራሽ። በሁለቱም አገሮች ብቻቸውን የሚዞሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በተጓዥ ላይ የሚፈጸም ከባድ ጥቃትም የተለመደ አይደለም። መጠንቀቅ ያለብሽ ከሌብነትና ከማጭበርበር ነው። በሆ ቺ ሚን ከተማ በሞተር ብስክሌት እየበረሩ ስልክ የሚመነትፉ አሉ፤ ስልክሽን ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ ብለሽ ተመልከቺ። በባንኮክ ደግሞ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ትሑት የሚመስል ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰድሽ» ይልሻል። ዝግ አይደለም፤ የሚወስድሽ ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ነው። እስከ በሩ ሄደሽ በዓይንሽ አረጋግጪ። ለትራንስፖርት ግራብ የተባለው መተግበሪያ በሁለቱም አገሮች ይሠራል፤ ዋጋውን አስቀድሞ ስለሚያሳውቅሽ ክርክር የለም።

የትኛው ይረክሳል?

ቬትናም፣ በተለይ በምግብና በሆቴል። ታይላንድም ውድ አይደለችም፣ ደሴቶቿ ግን በዲሴምበርና በጃንዋሪ ዋጋቸውን ይሰቅላሉ። የታይላንድ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ከውጭ አገር ካርድ ላይ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ባት በላይ ስለሚቆርጡ አንዴ በዛ አድርጎ ማውጣት ያዋጣል።

በቬትናም የሚያስቸግረው የገንዘቡ ዜሮ ብዛት ነው። የ20,000 ዶንግ ኖትና የ500,000 ዶንግ ኖት ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ በሁለቱም ላይ ያለው ምስል የአገሩ መሪ የነበረው የሆ ቺ ሚን ነው። ማታ በታክሲ ውስጥ በደብዛዛ መብራት አንዱን በሌላው ቀይሮ መክፈል በጣም ቀላል ነው፤ ልዩነቱ ግን ሃያ አምስት እጥፍ ነው። የ500,000ዎቹን በሌላ ኪስ ለዩአቸው።

ቪዛውስ?

ቬትናም ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያገለግል ኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች። አንድ ጊዜ ለመግባት 25 ዶላር፣ ደጋግሞ ለመግባት 50 ዶላር ነው። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ያመለከታችሁትም በመንግሥቱ ድረ ገጽ መሆኑን አረጋግጡ፣ የሚመስሉት ብዙ ናቸውና። የታይላንድ እንደ ፓስፖርታችሁ ይለያያል፤ ቆንስላውን ጠይቁ። ወደ ታይላንድ የሚገባ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከሜይ 2025 ወዲህ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። ቅጹ በነጻ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ካገኛችሁ ትክክለኛው አይደለም።

እናትና አባቴን ይዤ ነው የምሄደው። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

እንግዲያው ባንኮክ ትሻላቸዋለች። በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ በጀልባ ተቀምጠው ቤተ መቅደሶቹን ማየት ይችላሉ። ከቺያንግ ማይ በላይ ያለው የዶይ ሱቴፕ ቤተ መቅደስ ከ300 በላይ ደረጃ ቢኖረውም፣ ደረጃውን ለማይችሉ በሐዲድ የሚወጣ ማጓጓዣ ተዘጋጅቶለታል።

የሃኖይ የእግረኛ መንገድ ግን በቆሙ ሞተር ብስክሌቶች ተይዟል። አስፋልቱን መሻገርም ድፍረት ይጠይቃል፦ ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጡ፣ ሳይቆሙ መሄድ፤ ሞተረኞቹ እርምጃውን ለክተው በግራና በቀኝ ያልፋሉ። ድንገት መቆም ወይም ወደ ኋላ መመለስ ነው አደጋ የሚያመጣው። አውቶቡስ ከመጣ ግን ይለፍ፣ እሱ አይጠማዘዝም። ይህን ከእናትዎ መጠበቅ ያስቸግራል። ቬትናምን ካሰቡ ሜዳማዋን ሆይ አንን እና በሃ ሎንግ የባሕር ሰላጤ ላይ የመርከብ አዳርን ያስቡ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደሴቶቹ በፊታቸው ያልፋሉ።

ሥጋ አልበላም። እቸገራለሁ?

በታይላንድ «ጄ» በቬትናም «ቻይ» በል፤ ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግብ ያቀርቡልሃል። የታይላንዶቹ ምግብ ቤቶች ቀይ ጽሑፍ ባለበት ቢጫ ባንዲራ ይታወቃሉ። በቬትናም በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን ብዙ ሰው ከሥጋ ስለሚከለከል በእነዚያ ቀናት ምርጫው ይሰፋል። ቃሉን ካልተናገርክ ግን አትክልቱ ውስጥ የዓሣ መረቅ ይገባል።

ሞተር ብስክሌት ተከራይቼ ብዞርስ?

የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌለህ አትሞክረው። ቬትናም የምትቀበለው በ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የተሰጠን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ነው፤ የ1949ኙ አያገለግልም። አከራዩ ፈቃድ ላይጠይቅህ ይችላል፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ኢንሹራንሱ ግን ይጠይቅሃል።

ታሪክ ለሚወድ ሰውስ?

ያለ ማመንታት ቬትናም። ከ1802 እስከ 1945 የንጉየን ሥርወ መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ሁዌ፣ ከተማ የሚያህለው ቅጥሯ ከነፍርስራሹ እስከ አሁን ቆሞ ይታያል። ጦርነቱ ያበላሸውና ሰዎቹ መልሰው የጠገኑት ጎን ለጎን ነው ያለው። የእኔን ልብ የበለጠ የነካው ይህ አገር ነው። በታይላንድ ከአዩታያ ሌላ የጥንቷን መዲና ሱኮታይን እይ፤ በንጉሡ ላይ ክፉ መናገር እስከ 15 ዓመት እንደሚያሳስርም አትርሳ።

ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል?

ሦስት ሳምንት ካለሽ ይቻላል፣ ከዚያ ካነሰ አንዱን ያዢ። ከባንኮክ ሃኖይ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ለጀማሪ ስለምትቀል ከባንኮክ ጀምሪ፤ ቬትናምን ከሰሜን ወደ ደቡብ ውረጂና ከሆ ቺ ሚን ከተማ ተመለሺ። የመመለሻ ትኬትሽን ግን ከቴት፣ ማለትም በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ ከሚውለው አዲስ ዓመታቸው፣ አርቂው፤ በዚያ ሳምንት ባቡሩ ሁሉ ይሞላል፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል።