ሾልኮ የወጣ ሰነድ ፎርጅድ ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከጓደኞቼ ጋር ስለ ፓናማ ፔፐርስ ስናወራ አንዱ «ያ ሁሉ ወረቀት ኮምፒውተር ላይ የተፈበረከ ቢሆንስ፣ ማን አየ?» አለና ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጋዜጠኞቹ በምን ያውቃሉ? ደሞስ ያን ያህል ሰው ሚስጥሩን እንዴት ቻለው? ኢንተርኔት ላይ ባለው ዝርዝር የማውቀው ሰው ስም ባገኝስ ሌባ ነው ማለት ነው? ወንድማችሁ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኛህ ጥሩ ጠየቀ። «ሰላም፣ ጆን ዶ ነኝ፣ ዳታ ትፈልጋላችሁ?» የሚለው መልእክት የደረሰው የጀርመኑ ዙድዶይቸ ጻይቱንግ ጋዜጣ ጋ ነው፣ ጆን ዶ ስሙ ለማይታወቅ ሰው የሚሰጥ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ እስከዛሬ በይፋ አልታወቀም፣ የሰጠው ግን ሞሳክ ፎንሴካ ይባል ከነበረ፣ ለደንበኞቹ ከአገራቸው ውጭ ካምፓኒ (ኦፍሾር የሚባለውን) ያቋቁም ከነበረ የፓናማ የህግ ቢሮ የወጣ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ነው፣ ኢሜይሉ፣ የፓስፖርት ኮፒው፣ ኮንትራቱ፣ ከ1977 ጀምሮ ያለ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ መፈብረክ ይከብዳል፣ ግን ይከብዳል ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ስለዚህ ጋዜጠኞቹ የሚዘግቡትን ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከንግድ ምዝገባ፣ ከንብረት ሰነድ ጋር ያመሳክራሉ። ሾልኮ የወጣው ወረቀት ለነሱ ጥቆማ ነው፣ ዋናው ስራ ከዛ በኋላ ነው።

የሚገርመው ፓኪስታን ላይ ፎርጅድ ነው ተብሎ የተጠረጠረው የሾለከው ሳይሆን መከላከያ ሆኖ የቀረበው ወረቀት ነው! ፓናማ ፔፐርስ የጠቅላይ ሚኒስትር ናዋዝ ሸሪፍን ልጆች ለንደን ካሉ ውድ አፓርታማዎች ጋር ሲያገናኝ፣ ሴት ልጃቸው ማርያም ባለቤት ሳልሆን ባለአደራ ነኝ ብላ በ2006 ተፈረመ የተባለ ሰነድ አመጣች፣ መርማሪዎቹ ሲያዩት የተጻፈው ካሊብሪ በሚባል የኮምፒውተር ፊደል ዓይነት (ፎንት) ነው፣ ካሊብሪ ደሞ ለህዝብ በሰፊው የተለቀቀው በ2007። አስበው፣ በፎንት! (ለፍትሃዊነት ያህል፣ ማርያም በ2018 ቢፈረድባትም በ2022 በይግባኝ ነጻ ወጥታለች። አባትየውም በ2017 ከስልጣን የወረዱት ከልጃቸው የዱባይ ካምፓኒ የሚገባቸውን ደሞዝ አላሳወቁም ተብለው እንጂ በአፓርታማው አይደለም።)

ሚስጥሩን በተመለከተ፣ ጀርመኖቹ ብቻቸውን አንችለውም ብለው ዋሽንግተን ላለው ዓለም አቀፍ የምርመራ ጋዜጠኞች ጥምረት አካፈሉ፣ ከ370 በላይ ጋዜጠኛ ገባበት፣ ሰነዱን በተቆለፈ ሲስተም ውስጥ ነው የሚፈልጉት፣ ማንም ቀድሞ እንዳያወጣ ቀን ተቆርጦ ኤፕሪል 3 ቀን 2016 ሁሉም በአንዴ ለቀቁት። ግን በኔ ግምት ያስተሳሰራቸው ስምምነቱ ብቻ አይደለም፣ መፈላለጋቸው ነው። ሙኒክ ቁጭ ያለ ሰው ዊንትሪስ የሚል የካምፓኒ ስም ቢያይ ምን ይነግረዋል? ለአይስላንዱ ባልደረባው ግን የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የሲግመንዱር ጉንላውግሶን ሚስት ካምፓኒ ነው፣ በዛ ላይ ከከሰሩት የአገሪቱ ባንኮች ገንዘብ የሚጠይቅ። ሰውየው ድርሻቸውን ለሚስታቸው የሸጡት በ1 ዶላር ነው፣ ያውም በ2009 የመጨረሻ ቀን! ካሜራ ፊት ስለሱ ሲጠየቁ ተነስተው ወጡ፣ ዘገባው በወጣ በሁለተኛው ቀን ደሞ ስልጣን እለቃለሁ አሉ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ጥምረቱ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው የካምፓኒና የባለቤት ስም መፈለጊያ እንጂ ኢሜይሉንና ፓስፖርቱን አይደለም፣ እዛው ላይም ኦፍሾር ካምፓኒ መያዝ በራሱ ወንጀል አይደለም ብሎ ጽፏል። በዛ ላይ የኛ ስም የራስና የአባት ብቻ ሲሆን ስንት ሰው ይጋራዋል፣ የሰፈርህ ሰው ስም የሚመስል ብታገኝ አድራሻውን፣ ካምፓኒው የተመዘገበበትን ቀን፣ አብረው ያሉትን ስሞች እይ፣ ካልገጠመ ተወው። ገጥሞም ቢሆን ፌስቡክ ላይ ስክሪንሾት ከመለጠፍህ በፊት ጋዜጠኞቹ የሚያደርጉትን አድርግ፣ ለሰውየው ደውለህ ጠይቀው።