ፕሮግራማችሁ የጣለውን መስመር ፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

የዘረመል ቅደም ተከተል ማነጻጸር በጀመርኩበት ዘመን የብላስትን (ያስገባነውን ቅደም ተከተል በዳታቤዝ፣ ማለትም በማከማቻ ካሉት የታወቁ ቅደም ተከተሎች ጋር የሚያነጻጽረውን ፕሮግራም) ውጤት በዓይኔ እያነበብኩ፣ የሚያስፈልገኝን እየቀዳሁ ኤክሴል ላይ እለጥፍ ነበር። 20 ቅደም ተከተል ከሆነ ይህ ይቻላል፤ 3,000 ሲሆን ግን ዓይን ይደክማል፣ የደከመ ዓይንም መስመር ይዘላል። ስለዚህ ሥራውን ለፕሮግራም መስጠታችሁን ከልቤ እደግፋለሁ።

ዳሩ ግን የመጀመሪያው ስክሪፕቴ (ራሴ የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም) ያደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከባቄላ ሥር የተለዩ ባክቴሪያዎችን ማንነት ስፈልግ፣ ለእያንዳንዳቸው በመቶኛ ከፍተኛውን ተመሳሳይነት ያሳየውን አንድ መስመር አስቀርቶ ሌላውን እንዲጥል አዘዝኩት። በአንዱ ረድፍ ላይ 100 በመቶ የሚል አይቼ በጣም ተደሰትኩ። ከሳምንታት በኋላ ዋናውን ፋይል ስከፍት ግን የተመሳሰሉት ከ1,400 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ውስጥ 42ቱ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው፤ በ1,390 ቤዝ ላይ 98.6 በመቶ የሚለውን፣ እውነተኛውን ዝምድና የሚያሳየውን መስመር በገዛ ትእዛዜ ጥዬው ኖሯል።

ብላስት በሠንጠረዥ መልክ የሚሰጣችሁ የተለመዱት 12 አምዶች የተመሳሰለውን ክፍል ርዝመት ይናገራሉ እንጂ ያስገባችሁትን ቅደም ተከተል ሙሉ ርዝመት አይናገሩም፤ እሱን ራሳችሁ ጠይቃችሁ ማስጨመር አለባችሁ። ኢ-ቫልዩም (እንዲህ ያለ ተመሳሳይነት በአጋጣሚ ስንት ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል የሚገምተው ቁጥር) ከዳታቤዙ ስፋት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ የትኛውን ዳታቤዝ በየትኛው ቀን እንደተጠቀማችሁ ፕሮግራሙ ከውጤቱ ጋር ይመዝግብ። ብላስት ለሰው ዓይን የሚያዘጋጀውን የውጤት ጽሑፍ ግን በስክሪፕት ለመተንተን አትሞክሩ፤ የብላስት እትም ሲቀየር አቀማመጡ ይቀየርና ስክሪፕታችሁ ይሰበራል። የሚመለሱት ውጤቶች ብዛት 1 እንዲሆን ማዘዝም የግድ ከሁሉ የተሻለውን አያመጣም፤ ይህ በ2018 በታተመ ጽሑፍ ብዙ ተመራማሪዎችን ያስደነገጠ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ የሚጠፋው ነው። ምንም ተመሳሳይ ያልተገኘለት ቅደም ተከተል በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ስሙ እንኳ አይጻፍም። 3,000 አስገብታችሁ የ2,874ቱ ውጤት ቢወጣ፣ ካልቆጠራችሁ በቀር 126ቱ መጉደላቸውን የሚነግራችሁ የለም። እኔ ዛሬ በምጽፈው ስክሪፕት ሁሉ የገባውንና የወጣውን አስቆጥራለሁ፤ የጎደሉትን ስም በሌላ ፋይል አስጽፌ፣ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች ከሆኑ ወደ አሚኖ አሲድ ተርጉሜ እንደገና እፈልጋቸዋለሁ፤ በዲኤንኤ ደረጃ የተሰወረ የሩቅ ዝምድና በፕሮቲን ደረጃ ብዙ ጊዜ ይታያልና።