ካርታው ላይ የሌለው መራጭ፦ ስለ 1916ቱ የአሜሪካ ምርጫ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ሳምንት ኖቬምበር 7 ቀን 1916 (በእኛ ጥቅምት 28 ቀን 1909 ዓ.ም.) ስለተካሄደው የአሜሪካ ምርጫ ጽፌ ነበር። ዴሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን ሪፐብሊካኑን ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝን በኤሌክቶራል ድምፅ (ለየግዛቱ ተደልድሎ እዚያ ላሸነፈው ዕጩ በሚሰጠው ድምፅ) 277 ለ254 ያሸነፈበት ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው አትላንታ ነው። የምርጫው ውጤት ካርታ ከዛሬው የተገለበጠ መሰለኝ። ደቡቡ እንዴት ሙሉ በሙሉ ዴሞክራት ሆነ?

ያኔ ሪፐብሊካን ማለት በእርስ በርስ ጦርነቱ ደቡብን ያሸነፈው የፕሬዚዳንት ሊንከን ፓርቲ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ 51 ዓመት ቢሆነውም የደቡብ ነጮች ቂማቸውን አልረሱም። በሰሜን ደግሞ ቨርሞንት ከ1856 እስከ 1960 አንድም ምርጫ ሳታጓድል ሪፐብሊካን መርጣለች።

«ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል ግን ያመኛል። ጎረቤትዎን ሳውዝ ካሮላይናን እንይ። ዊልሰን ከ96 በመቶ በላይ አገኘ። ድምፅ የሰጠው ሰው ግን 64 ሺህ ገደማ ነው። የግዛቷ ሕዝብ በ1910 ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር። በሕዝብ ብዛት ብዙም የማትበልጣት ካንሳስ በዚያው ቀን 630 ሺህ ያህል ድምፅ ቆጠረች።

ሌላው ሰው የት ሄደ? ካንሳስ ውስጥ ሴቶች ይመርጣሉ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አይመርጡም። ልዩነቱ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። አንድ ጥቁር ገበሬ ያስቡ። በ1895ቱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ምርጫው 6 ወር ሲቀረው የነፍስ ወከፍ ግብር 1 ዶላር መክፈል አለበት። ጥጡ ገና ማሳ ላይ ነው፣ እጁ ላይ ሳንቲም የለም። ከፈለ እንበል። ለመመዝገብ ደግሞ ወይ የ300 ዶላር ንብረት ይኑረው፣ ወይ ከሕገ መንግሥቱ የተሰጠውን ክፍል ያንብብ። አንብቧል አላነበበም ብሎ የሚፈርደው ነጩ መዝጋቢ ነው። ድሃ ነጮችም በዚሁ ወንፊት ቀርተዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ የኤሌክቶራል ድምፅ የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት ነው። ስለዚህ እንዳይመርጥ የተከለከለው ገበሬ ሲደለደል ይቆጠራል። ካንሳስ 10 ድምፅ ነበራት፣ ሳውዝ ካሮላይና 9።

ምዕራቡስ ለምን ወደ ዊልሰን ዞረ?

አውሮፓ እየነደደች ነበር፤ የዊልሰን ሰዎች «ከጦርነት ጠብቆናል» እያሉ ቀሰቀሱ። ለባቡር ሠራተኞች የ8 ሰዓት የሥራ ቀን የሚሰጠው ሕግም የወጣው ምርጫው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው።

ካሊፎርኒያ የተለየ ታሪክ አላት። ሂዩዝ ለቅስቀሳ ሎንግ ቢች ሄዶ አንድ ሆቴል ያርፋል። የግዛቲቱ ገዥ ሃይረም ጆንሰንም እዚያው ሆቴል ውስጥ አለ። ሳይገናኙ ተለያዩ፤ ጆንሰንም እንደ ንቀት ቆጠረው። በምርጫው ቀን ጆንሰን በዚያው በሪፐብሊካን ዕጩነት ለሴኔት ሲወዳደር በ300 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። ሂዩዝ በ3,773 ተሸነፈ። የካሊፎርኒያን 13 ድምፅ ቢያገኝ ኖሮ ዋይት ሐውስ የሚገባው እሱ ነበር።

ዊልሰንን ያስመረጡት ሴቶች ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። ሴቶች ፕሬዚዳንት መምረጥ ከሚችሉባቸው 12 ግዛቶች 10ሩን ወስዷል። ኢሊኖይ ግን ሌላ ነገር ታሳየናለች። እዚያ ሴቶች ፕሬዚዳንት እንጂ ገዥ መምረጥ ስለማይችሉ ወረቀታቸው ለብቻው ተቆጠረ። ውጤቱም እንደ ወንዶቹ ሂዩዝ ነው። ከጾታ ይልቅ ሰፈር በልጧል።

ጥቁሮች በሰሜን መምረጥ ይችሉ ነበር?

አዎ፣ ወንዶቹ፤ እንደ ኢሊኖይ ሴቶች ፕሬዚዳንት በሚመርጡበት ደግሞ ሴቶቹም። በእነዚያው ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከደቡብ ባቡር ተሳፍረው ወደ ቺካጎና ዲትሮይት መጉረፍ ጀመሩ። በ1928 ቺካጎ ኦስካር ዴ ፕሪስት የተባለ ጥቁር ወደ ኮንግረስ ላከች። የተወለደው አላባማ ነው።