ነጩን ሰያፍ መስመር ረግጦ ወደ ቀኝ መታጠፊያው መግባት ይቻላል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። እዚህ እንግሊዝ አገር ወደ ሥራ ስትሄድ ቀጥታ የሚጓዘው ሰልፍ ይረዝማል፤ ወደ ቀኝ የሚያስታጥፈው ረድፍ ግን ከፊትህ ባዶውን ይታይሃል። ወደ እሱ እንዳትደርስ የሚያግድህ በመንገዱ መሀል፣ በጠርዝ መስመር ተከቦ፣ ያጋደሉ መስመሮች የተቀቡበት ነጭ ሰያፍ ነው። አስተማሪህ «በፍጹም እንዳትረግጠው» አለህ፤ የሥራ ባልደረባህ ደግሞ «ሁሉም ይሄድበታል» አለህ። እኔ በዚሁ ነገር ከኢንሹራንስ ድርጅት ጋር ተሟግቼ አሸንፌያለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ጠርዙን እይ። ሰያፎቹን የከበበው መስመር የተቆራረጠ ከሆነ፣ ሃይዌይ ኮድ የሚባለው የመንገድ መመሪያ በቁጥር 130 ላይ የሚለው «አስፈላጊ ካልሆነና አደጋ እንደሌለው ካላየህ አትግባ» ነው። ሁለቱ ከተሟሉ ትገባለህ ማለት ነው። ጠርዙ ያልተቆራረጠ ሆኖ ውስጡ የቀስት ጫፍ በሚመስሉ መስመሮች ከተሞላ ግን፣ ድንገተኛ አደጋ ካልገጠመህ በቀር መግባት በሕግ ክልክል ነው። እንዲህ ዓይነቱን በብዛት የምታገኘው ሞተርዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ፣ መውጫው ከዋናው መንገድ በሚለይበት ቦታ ነው። መውጫው አመለጠኝ ብሎ በዚያ ላይ መሪ መጠምዘዝ ድንገተኛ አደጋ አይባልም። እስከሚቀጥለው መውጫ ንዳ።

መሀል መንገድ ላይ ካለው ነጭ ሰያፍ ጋር ብዙ ሰው የሚያምታታው ደግሞ መገናኛ ላይ ያለውን ቢጫ ሣጥን ነው። እሱ ሌላ ሕግ አለው፤ መውጫህ ክፍት ካልሆነ አትገባበትም፤ ወደ ቀኝ ልትታጠፍ ስትል ያስቆመህ ከፊት የሚመጣው መኪና ብቻ ከሆነ ግን ውስጡ ሆነህ መጠበቅ ትችላለህ።

2. «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል በልክህ አትስፋው። ሰያፉ የተቀባው ከፊት የሚመጣውን ከአንተ ለመለየትና ለመታጠፍ የቆመውን ሰው ከኋላ ከሚመጣ ለመከላከል ነው። ቀጥታ የሚሄደው ሰልፍ የመታጠፊያውን አፍ ዘግቶት አንተ በእርግጥ የምትታጠፍ ከሆነ፣ ወይም የተበላሸ መኪና መንገድህን ከዘጋው፣ በእኔ አስተያየት ምክንያትህ ያሳምናል። ሰልፉን ቀድመህ ከፊት ለመሰካት ከሆነ ግን አያሳምንም፤ እንዲህ የሚያደርጉትን ሳይ ደሜ ይፈላል። በጥንቃቄ ጉድለት ከተያዝክ የቅጣት ወረቀቱ 100 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድህ ላይ የሚመዘገብ 3 የጥፋት ነጥብ ነው፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ ነጥቡ እስከ 9 ይሄዳል። አንተ ፈቃድህን ገና ስላወጣህ፣ በ2 ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ ከሞላብህ ፈቃዱ ተሰርዞ ፈተናውን እንደገና ትጀምራለህ። ይህን አስተማሪህ ነግሮህ ከሆነ ደግ አድርጓል።

ስትገባም በዝግታ ግባ። ጎማ ስለማያልፍበት ሰያፉ ላይ ጠጠር፣ የመስታወት ስብርባሪና ብሎን ይጠራቀማል፤ ቀለሙም ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ከፊትህም በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ወደ ራሱ መታጠፊያ በዚያው መሀል ሊገባ ይችላል።

3. መታጠፊያው ረድፍ ውስጥ ከገባህ በኋላ ሐሳብህን አትቀይር። አረንጓዴ ቀስት ያለበት ረድፍ ቀስቱ ወደሚያመለክተው ለሚሄድ ብቻ ነው። ቀስቱ ሲበራ ትሄዳለህ፤ ቀስቱ ሳይኖር ሙሉው አረንጓዴ ከበራም ትሄዳለህ፣ ነገር ግን ከፊት ለሚመጣው ቅድሚያ እየሰጠህ ነው። አገር ቤት በቀኝ ነድተን ስላደግን ከባዱ መታጠፍ ለእኛ ወደ ግራ ነበር፤ እዚህ ተገልብጦ ወደ ቀኝ ሆኗል፤ ስለዚህ ስፖኪዮ የማየት ልማድህን አብረህ ገልብጠው።

4. ካሜራ ግጠም። የእኔ ነገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልክ እንደ አንተ ሰልፉ መታጠፊያውን ዘግቶት ነበር። ጠርዙ የተቆራረጠ መሆኑን አይቼ፣ ፍሬቻ አብርቼ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሰያፉ ላይ ስሄድ፣ ሰልፉ ውስጥ የቆመ አንድ መኪና ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ወጥቶ የግራ በሬን ጨረገደው። ሰውየው ወርዶ ይቅርታ ጠይቆኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእሱ ኢንሹራንስ የላከው ደብዳቤ ግን «መኪናዎ መገኘት በማይገባው ቦታ ተገኝቷል» ይል ነበር።

ይህስ የሚጠበቅ ነው። ያንገበገበኝ የራሴ ኢንሹራንስ ነው። ጉዳዬን የያዘችው ሠራተኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስጨረሰችኝም። «ሰያፉ ላይ ነበሩ አይደል? እንግዲያው ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው» አለችና ልትዘጋው ቸኮለች። ግማሽ በግማሽ ማለት ያለ አደጋ በመንዳት ያጠራቀምኩት ቅናሽ ይቀንሳል፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያዬ ይንራል ማለት ነው። ቁጥር 130 ምን እንደሚል ጠየቅኋት። አታውቀውም። የሰው ገንዘብ የምትወስን ሠራተኛ ደንቡን ሳታነብ ስትፈርድ መስማት ያማል። ዘዬዬን ሰምታ ዝም እንደምል ገምታም ይሆናል፤ አልሆነላትም።

ያደረግሁትን አንተም አድርግ። በስልክ መነጋገሩን ትተህ ሁሉንም በጽሑፍ አድርገው። ከመኪና ውስጥ የተነሣ ፎቶ ብቻውን አያወጣህም፤ ካሜራው ዝቅ ስለሚል ከሩቅ የተቆራረጠው መስመር ክፍተቱ ተጋጥሞ ያልተቆራረጠ ይመስላል። እኔ ቦታውን ከላይ የሚያሳየውን የሳተላይት ካርታ ምስል አትሜ፣ ክፍተቶቹን በብዕር ከብቤ፣ ከካሜራው ቪዲዮ ጋር ላክሁት። ያኛው ወገን፣ ሰልፍ ቀድሞ ሲያልፍ ከመኪና ጋር ስለተጋጨ ሞተረኛ የሚናገረውን በፈረንጆቹ የ1966ቱን የፓውል እና ሙዲ ፍርድ ጠቀሰብኝ፤ ሞተረኛው 80 በመቶ ጥፋተኛ የተባለበት ነው። ሞተረኛው የተጋጨው መኪና ግን ከመጋቢ መንገድ በሰልፉ ክፍተት መሀል የወጣ ነበር፤ እኔን የገጨኝ ደግሞ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ስፖኪዮ ሳያይ የወጣ ነው። ልዩነቱን ጽፌ መለስኩላቸው።

የራሴ ድርጅት አሁንም ሲያመነታ መደበኛ ቅሬታ አስገባሁ። ቅሬታ ካስገባህበት ቀን ጀምሮ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አላቸው። መልሱ ካላረካህ፣ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ያለ ክፍያ ወደ ፋይናንስ ቅሬታ ሰሚው፣ ኦምቡድስማን ወደሚሉት፣ ትወስደዋለህ። እሱ ማን አጠፋ ብሎ አይፈርድም፤ ድርጅትህ ማስረጃህን በአግባቡ መርምሮ እንደሆነ ግን ይጠይቃል። የእኔ እዚያ ሳይደርስ አለቀ። ጉዳዩ ወደ ሌላ ሠራተኛ ተላለፈ፤ ሰውየው ቪዲዮውን በእርግጥ ተመለከተው፤ ያኛው ወገን ሙሉ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ ቅናሼም ሳይነካ ቀረ። ደብዳቤውን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

አንተ ያልነገርከን አንድ ነገር አለ፤ የምትሄድበት መንገድ ጠርዙ የትኛው ነው? የቦታውን የሳተላይት ምስል እዚህ ለጥፈውና አብረን እንየው። ያልተቆራረጠ ከሆነ ባልደረባህን አትስማው፤ ሰልፉ ውስጥ ሆነህ የመታጠፊያው አፍ እስኪከፈት ጠብቅ።