ቡድኑን አትተዪ፣ ግን ፎል ሳይገባ ክሬዲትሽን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንደኛ ዓመት ጨርሰሻል። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ ዲቪዥን ዋን ላይ፣ ክሮስ ካንትሪና ትራክ ትሮጫለሽ። ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ። በመጪው ፎል (የመኸር) ሴሚስተር ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አንድ ላይ ይጠብቁሻል። የአትሌቶች የትምህርት አማካሪዋ ሜጀር (ዋናውን የትምህርት ዘርፍሽን) ቀይሪ ብላሻለች፣ እናትሽ ደግሞ ሩጫውን ተዪው ይሉሻል። "ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ነው ወይ?" ነው ያልሽው።

ግድ አይደለም። እኔ አራቱንም ዓመት ሮጫለሁ። ዛሬ የውስጥ ደዌ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ። አሁን ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፍልሽ፤ ሳልመልስልሽ ልተኛ አልቻልኩም። እንዴት እንደሚጠና አልነግርሽም። እዚህ የደረስሽው ማጥናት ስለምታውቂ ነው። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. በፎል 12 ወይም 13 ክሬዲት ብቻ ይዘሽ እንዳትገቢ።

ግር ይልሽ ይሆናል። ሁሉም ሰው "በውድድር ወቅት ቀለል አድርጊው" ነው የሚለው። እኔንም እንደዚያ ብለውኝ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኦርጋኒክ ከነላቦራቶሪው 4፣ ፊዚክስ 4፣ ስታትስቲክስ 3፣ አንድ ሴሚናር 2 ክሬዲት ያዝኩ። ድምሩ 13። ቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

የኦርጋኒክ የመጀመሪያው ሚድተርም ሰኞ ጠዋት ነበር። ቅዳሜ ሌላ ስቴት ሄደን ተወዳደርን። ማታ ስንመለስ የአውቶቡሱ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ተኝቷል። እኔ ለንጋት ልምምድ የምጠቀምበትን የግንባር ባትሪ አስሬ የሪአክሽን ካርዶቼን አገላብጣለሁ። መጻፊያ ወረቀቴ ሲያልቅ ላቦት በያዘው መስኮት ላይ በጣቴ ባለ ስድስት ጎን ቀለበት እስል ጀመር። እየሳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ቀለበቶቹ ውኃ ሆነው ወርደዋል። ሰኞ 58 አመጣሁ። ሁለተኛው ሚድተርም 61 ሆነ።

ያኔ ኮርሱን ማቋረጥ ነበረብኝ። የማቋረጫው ቀን ገና አላለፈም። በትራንስክሪፕቴ ላይ አንዲት ደብሊው (ኮርሱ መቋረጡን የምታሳይ ምልክት) ትቀመጣለች፣ አለቀ። ግን ከ13 ላይ 4 ሲቀነስ 9 ነው። ከ12 በታች የወረደ ተማሪ ደግሞ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ስላልሆነ መወዳደርም ከቡድኑ ጋር መለማመድም አይችልም። የኮንፈረንስ ሻምፒዮናው የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ስኮላርሺፔም በሩጫው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደ አትሌቶች የትምህርት ቢሮ ሄድኩ። አማካሪዋ ከኮምፒውተሯ ቀና አላለችም። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ስንገናኝ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። አንድ ወረቀት አወጣችና 12 የሚለውን ቁጥር በአረንጓዴ ማርከር ከበበችው። "ካቋረጥሽ ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ትወጫለሽ" አለችኝ። ሌላ መንገድ ካለ ብዬ ጠየቅኩ። "ሕክምና ለአትሌት አይሆንም፣ ቀለል ያለ ሜጀር ላሳይሽ" ብላ ብሮሹር ገፋችልኝ። በሩን ዘግቼ ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፣ ያ አረንጓዴ ክብ አሁንም ይታየኛል።

ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። የዚያ ቢሮ ሥራ እኔን ሐኪም ማድረግ አልነበረም፣ ቅዳሜ እንድሮጥ ማድረግ ነበር። ያንቺዋም አማካሪ "ሜጀር ቀይሪ" ያለችሽ ክፉ ስለሆነች ላይሆን ይችላል። የምትለካበት መለኪያ ያ ስለሆነ ነው። አንቺ ግን ሕይወትሽን በእሷ መለኪያ አትለኪ።

ኮርሱን ሳላቋርጥ ቀረሁና ሲ ማይነስ አገኘሁ። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በመሠረታዊ ኮርሶች ላይ ከሲ በታች አይቀበሉም። ስለዚህ መድገም ግዴታ ሆነብኝ። ዩኒቨርሲቲዬ አሮጌውን ውጤት በአዲሱ ተክቶልኛል፣ ደስ ብሎኝም ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ግን የተሰረዘ ውጤት የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለቱንም ይቆጥራል። በሳይንስ ጂፒኤዬ ላይ ያ ሲ ማይነስ፣ ማለትም 1.7፣ እስከ መጨረሻው ተከተለኝ። በሁለት ቃለ መጠይቆች ላይ ስለ እሱ ጠይቀውኛል። አንዲት ደብሊው ብትሆን ማንም አያነሳትም ነበር።

እና ምን ታደርጊያለሽ? 16 ክሬዲት ያዢ። ከባዱን ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ብታቋርጪ እንኳ 12 እንዲቀርሽ። ተጨማሪዋ ሦስት ክሬዲት የማትከብድሽ፣ ለዲግሪሽም የምትቆጠር ትሁን። ሴሚስተሩ ደህና ከሄደ ዝም ብለሽ ትጨርሻታለሽ። ካልሄደ መውጫ በር አለሽ። እኔ ያጣሁት ያንን በር ነው።

ሜጀር መቀየሩንም ከማሰብሽ በፊት የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ የሚጠይቀውን አስቢ። ሦስተኛ ዓመት ስትገቢ የዲግሪሽን 40 ከመቶ፣ አራተኛ ስትገቢ 60፣ አምስተኛ ስትገቢ 80 ከመቶ ጨርሰሽ መገኘት አለብሽ። ዛሬ ቀይረሽ ነገ ልመለስ ብትዪ የምትጠቀሚባቸው ክሬዲቶች ይጎድሉብሻል።

2. 20 ሰዓት በሚባለው አትተማመኚ።

ሕጉ በውድድር ወቅት ለልምምድና ለውድድር በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን እረፍት ይላል። እውነት ነው። ግን የውድድር ቀን ሙሉውን ብታሳልፊ እንኳ ሦስት ሰዓት ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የአውቶቡሱ ጉዞ አይቆጠርም። ጉዳት ሲያጋጥምሽ ሕክምና ክፍል በረዶ ይዘሽ የምትቀመጪውም አይቆጠርም። እኔ አንድ የጥቅምት ሳምንት በማስታወሻ ደብተር ደቂቃ በደቂቃ መዘገብኩ። 34 ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወጣ። ለእኛ ለረጅም ርቀት ሯጮች ደግሞ ፎል ክሮስ ካንትሪ ነው፣ ዊንተር የቤት ውስጥ ትራክ ነው፣ ስፕሪንግ የውጪ ትራክ ነው። ወቅቱ አያልቅም። የኳስ ልጆቹ "ከወቅት ውጪ አጠናለሁ" ሲሉ ሰምተሽ በእነሱ እንዳታቅጂ።

ስለዚህ ከባዶቹን ሁለት የላቦራቶሪ ኮርሶች አትደርቢ። ኦርጋኒክን ከያዝሽ ፊዚክስ ይቆይ። እኔ ኦርጋኒክን የደገምኩት በሰመር ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እሮጣለሁ፣ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ላቦራቶሪ፣ ማታ ካርዶቼ። ሌላ ኮርስ የለም፣ አውቶቡስ የለም። ኤ አገኘሁ። ፈተናውን ያረመው ያው ፎል ላይ ያስተማረኝ ፕሮፌሰር ነው። ውጤቱን ሲመልስልኝ "አንቺ ነሽ የምትሮጪው?" አለኝ። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ሕግ ልጨምርልሽ። ለልምምድ ብሎ ክፍል መቅረት በኤንሲኤኤ ሕግ ክልክል ነው። የሚፈቀደው ቡድኑ ለውድድር ከከተማ ሲወጣ ብቻ ነው። ላቦራቶሪሽ በእኛ አቆጣጠር ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሆኖ ልምምዱ 9 ሰዓት ከሆነ ላቦራቶሪውን ጥለሽ እንድትመጪ አሰልጣኙ ሊያዝሽ አይችልም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ላቦራቶሪ አበላሽቻለሁ። ሳውቅ አሰልጣኜ ጋ በትሕትና ሄድኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻዬን እንድሮጥ ፈቀደልኝ። ኅዳር ላይ በጨለማ፣ በብርድ፣ ሰዓቴን እያየሁ። ያኔ ነው ከሌላው ጊዜ ሁሉ የጠነከርኩት።

ከተቻለ ግን የጠዋት ላቦራቶሪ ያዢ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶች ቀድሞ የመመዝገብ ዕድል ይሰጣሉ። ምዝገባው በሚከፈትበት ደቂቃ ኮምፒውተር ፊት ተገኚ።

3. ትክክለኛውን ሰው ፈልጊ።

እያንዳንዱ የኤንሲኤኤ ዩኒቨርሲቲ የአትሌቶች የፋኩልቲ ተወካይ ሊኖረው ይገባል። የአሰልጣኞች ሠራተኛ አይደለም፣ ከመምህራኑ ወገን ነው። እኔ መኖሩን የሰማሁት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ያውም ከአንዲት ዋናተኛ። ሄጄ ታሪኬን ስነግረው ሰውየው ማስታወሻ እየያዘ አዳመጠኝ። "ያኔ ብትመጪ ኖሮ ዘግይቶ የሚጀምር አጭር ኮርስ ፈልገን ክሬዲትሽን እንሞላ ነበር" አለኝ። አስቢው። መፍትሔው ከዚያ ቢሮ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነበር። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ተወካዩን ፈልጊ። የጤና ሙያ አማካሪውም ጋ ለብቻው ቀጠሮ ያዢ። የአትሌቶቹ ቢሮ ስለ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚነግርሽን ሁሉ ከእሱ ጋር አመሳክሪ።

ለፕሮፌሰሮችሽም የጉዞ ደብዳቤውን በመጀመሪያው ሳምንት ራስሽ በእጅሽ ስጪ። እኔ ሐሙስ ማታ በኢሜይል ልኬ ቅዳሜ የሮጥኩበት ጊዜ ነበር። ሁለት መቶ ተማሪ ያለው ሰው ያንን ኢሜይል ባያየው አልፈርድበትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳልሰጥ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይህ ምክር ብቻ አይደለም፣ የታመምኩበት ነው። ስምሽን አይቼ ትጾሚያለሽ ብዬ ገመትኩ። እኔ ዐቢይ ጾምን ሙሉውን፣ ሃምሳ አምስቱንም ቀን፣ በሳምንት መቶ ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ ጾምኩ። ሽሮና ምስር ነበር ምግቤ። ከምግብ ላይ ወዲያው ሻይ። መጋቢት ላይ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ምንም አልያዝ አለኝ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። አእምሮዬ ለዚህ ትምህርት አይበቃም ብዬ ደመደምኩ። የዚያች አማካሪ ቃል ትክክል ሆኖ ታየኝ።

የቡድኑ ሐኪም ደሜን አስመረመረችኝ። ፌሪቲኔ 9 ነበር። የብረት ክምችቴ አልቆ ነበር ማለት ነው። ሄሞግሎቢኔ ግን ገና ብዙም አልወረደም፣ ስለዚህ እሱን ብቻ ቢያዩ ደህና ነሽ ይሉኝ ነበር። የእህልና የጥራጥሬ ብረት ከሥጋው ይልቅ ለሰውነት ይከብደዋል፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ይባስ ይቀንሰዋል። ሎሚ ይረዳል። የንስሐ አባቴን አማከርኩ። "ልጄ፣ በሽተኛ ነሽ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ" አሉኝና አቀለሉልኝ። በሦስት ወር ውስጥ ራሴን አገኘሁት። አንቺም ፎል ሳይገባ ፌሪቲን ብለሽ በስሙ አስመርምሪ። ውጤትሽ ሲወርድ ስንፍና ነው ከማለትሽ በፊት ደምሽን እዪ።

"ለአትሌት አይሆንም" ለሚሉሽ ሁሉ የእንግሊዛዊውን ሯጭ የሮጀር ባኒስተርን ታሪክ ንገሪያቸው። በግንቦት 6 ቀን 1954 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሲገባ፣ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ደቂቃ በታች ሲሮጥ፣ የሕክምና ተማሪ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ለንደን ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነበር፤ ከዚያ በባቡር ኦክስፎርድ ሄዶ በዚያው ቀን ሮጠ። ኋላም የነርቭ ሐኪም ሆነ። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ማይረን ሮል ኦክስፎርድ የሚያስተምረውን የሮድስ ስኮላርሺፕ አግኝቶ፣ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ገብቶ ወጥቶ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተምሯል። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኤምካትን፣ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን፣ ከሩጫ ወቅት ጋር አታጋጪው። ፈተናው ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ለብቻው ስልጠና የሚፈልግ ነገር ነው። እኔ ተመርቄ አንድ ዓመት ወስጄ ነው የተፈተንኩት። በዚያ ዓመት የአርባ ሰዓቱን የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ወስጄ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች አስተረጎምኩ። አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን ለሁለት ዓመት በስህተት ሲወስዱ እንደነበር እኔ ፊት ነው የታወቀው። በቃለ መጠይቅ ሁሉ የጠየቁኝ ስለዚያ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ስለ ሩጫዬ። ሲ ማይነሱን ያካካሰልኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እናትሽን ግን ከአሁኑ አዘጋጂያቸው። የኔ እማዬ "አንድ ዓመት ሙሉ ባከነ" ብላ ለዘመድ ሁሉ ደውላ ነበር። ብዙዎቹ የሕክምና ተማሪዎች ከኮሌጅ በኋላ ጊዜ ወስደው እንደሚገቡ ቀድሜ ብነግራት ያን ያህል አትጨነቅም ነበር። ሩጫውንም ስፖርት ብቻ አድርገሽ አታስረጂያቸው። ትምህርትሽን ማን እየከፈለ እንደሆነ በቁጥር አሳዪያቸው። እማዬ የተረጋጋችው የስኮላርሺፑን ደብዳቤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር ስተረጉምላት ነው።

አሁን ያለሽን የፎል የኮርስ ዝርዝር ከነክሬዲቱና ከነሰዓቱ፣ የውድድር ፕሮግራሙንም ጨምረሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማክሰኞ ከሥራ ነፃ ነኝ። አብረን ቁጭ ብለን የትኛው ኮርስ የትኛው ውድድር ላይ እንደሚወድቅ እናያለን።