አድሬናሊንና ኮርቲሶል ከደም የሚወገዱት እንዴት ነው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መኪና ሊገጨኝ ለጥቂት ተረፍኩ። ልቤ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲደልቅ ነበር። አድሬናሊን ይህን ያህል ደም ውስጥ ይቆያል?

አይቆይም። አድሬናሊን ደም ውስጥ በ2 እና 3 ደቂቃ መካከል በግማሽ ይቀንሳል። 2 ደቂቃ ተኩል ብለን ብናሰላው፣ በ10ኛው ደቂቃ የሚቀረው ከመጀመሪያው መጠን አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው።

ዋናውን የማስወገድ ሥራ የሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ናቸው። አንደኛው ካቴኮል-ኦ-ሜቲልትራንስፈሬዝ፣ ባጭሩ ኮምት፣ በጉበትና በኩላሊት በብዛት ይገኛል። በማግኒዚየም እየታገዘ አንዲት የሜቲል ቅንጣት ከሌላ ሞለኪውል ወስዶ አድሬናሊኑ ላይ ይለጥፋል። ጥርሱ ላይ ሰም የተለጠፈበት ቁልፍ ጓጉንቸር እንደማይከፍት ሁሉ፣ ቅንጣቷ የተለጠፈችበት ሆርሞንም ልብ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር አይገጥምም። ሁለተኛው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የናይትሮጅን ጫፉን ይነቅላል። የሁለቱ የመጨረሻ ውጤት ቫኒሊልማንደሊክ አሲድ ሆኖ በሽንት ይወጣል።

ልብዎ ግማሽ ሰዓት የደለቀው ኢንዛይሞቹ ስለሰነፉ አይደለም። የሆነውን ደጋግመው ባሰቡ ቁጥር ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል እጢ አዲስ አድሬናሊን ስለሚረጭ ነው። ቧንቧው ሳይዘጋ ወለሉ አይደርቅም። ረጋ ብሎ ቁጭ ማለትና ትንፋሽን አርዝሞ ማውጣትም የሚጠቅመው ቧንቧውን ስለሚዘጋ እንጂ ኢንዛይሙን ስለሚያፋጥን አይደለም። በከባድ አለርጂ ለአዋቂ ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን፣ ሕመምተኛው ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚደገመውም ይህ ፍጥነት ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ኮርቲሶልስ?

ይህኛው የጭንቀት ሆርሞን ዘገምተኛ ነው፤ በግማሽ ለመቀነስ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ምክንያቱም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ነው። ጉበት መጀመሪያ ሪዳክቴዝ በሚባሉ ኢንዛይሞች ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ ግሉኩሮኒክ አሲድ ያያይዝበታል። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ቅባት ወዳዱን ሞለኪውል በውኃ የሚሟሟ ያደርገዋል፤ ኩላሊትም በሽንት ያስወጣዋል። ጉበቱ በጠና የታመመ ሰው ላይ ይህ ሁሉ ይዘገያል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። የሊኮሪስ ሥር መጠጥ ለጭንቀት ጥሩ ነው ብለውኝ በየቀኑ እጠጣለሁ። ደም ግፊቴ ግን ጨመረ። ይገናኛል?

በጣም ይገናኛል፤ ዛሬውኑ ያቁሙት። ኩላሊት ውስጥ ኮርቲሶልን ወደማይሠራ ኮርቲዞን የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። ሊኮሪስ ውስጥ ያለው ግሊሲሪዚን ይህን ኢንዛይም ያግደዋል። ያልተለወጠው ኮርቲሶል የጨው ሆርሞንን ቦታ ይይዝና ሰውነት ሶዲየም እንዲያከማች፣ ፖታሲየም እንዲያፈስ ያደርጋል። ግፊት ይወጣል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ አንዳንዴ የልብ ምት ይዛባል። ግፊትዎን ይለኩ፣ የፖታሲየም ምርመራም ያሠሩ።

ጥያቄ፦ ቡና ኢንዛይሞቹን ያግዳል?

አያግድም፤ ካፌይን መረጨቱን ነው የሚጨምረው። ራሱ ካፌይኑ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈልጋል፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ እጥፍ ገደማ። ከቀኑ 10 ሰዓት በረካውን ከጠጡ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ ገና አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ የአድሬናል እጢ ድክመት አለባት፤ ሃይድሮኮርቲሶን (በመድኃኒት መልክ የተሠራ ኮርቲሶል) ትወስዳለች። አሁን የቲቢ መድኃኒት ጀመረች። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ስትነሳ ያዞራታል፣ ምግብም አስጠላት።

ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም፤ ዛሬ ሐኪም ይያት። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለውን ኢንዛይም በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ይህ ኢንዛይም የምትውጠውን ሃይድሮኮርቲሶን ከወትሮው በፍጥነት ያፈርሰዋል። ጤነኛ ሰው ቢሆን እጢው ጨምሮ ያመርት ነበር፤ የእሷ ግን አይችልም። ኢንዛይሙ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ምልክቶቹ የመጡበት ጊዜም ይገጥማል።

ሐኪሞች እንዲህ ሲሆን የሃይድሮኮርቲሶኑን መጠን ብዙ ጊዜ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያደርጋሉ። የቲቢ መድኃኒቱን ግን በፍጹም አታቋርጡ። ማስታወክ ከጀመራት ወይም ከደነዘዘች በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ የሚያስፈልጋት በመርፌ የሚሰጥ ሃይድሮኮርቲሶንና በደም ሥር የሚገባ የጨው ውኃ (ሳላይን) ነው። ለሐኪሙ ሁለቱንም መድኃኒቶች በስማቸው ንገሩት። ቲቢ ራሱ የአድሬናል እጢን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሕክምናው ሲያልቅም የኢንዛይሙ ብዛት በ2 ሳምንት ገደማ ይመለሳል፤ ያኔ መጠኑ በሐኪም ካልተቀነሰ ይበዛባታል።

ተቃራኒውም አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ሪቶናቪር ይህንኑ ኢንዛይም ያግዳል። ሪቶናቪር እየወሰደ ለአስም ፍሉቲካዞን የተባለ ስቴሮይድ (ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት) የሚስብ ሰው ፊቱ ሊያብጥና ስኳሩ ሊጨምር ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንዛይሞቹን የሚያበረታ እንክብል አለ?

የለም። የተዋጠ ኢንዛይም እንደ ሥጋ ይፈጫል። ማግኒዚየምም የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ነው።

ጥያቄ፦ የ24 ሰዓት ሽንት አጠራቅም ተባልኩ። እንዴት ነው?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሽኑና ያንን ይድፉት፤ ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚሸኑትን ሁሉ፣ የሌሊቱንም ጨምሮ፣ ከላቦራቶሪው በተሰጠዎት ዕቃ ያጠራቅሙ። በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ የሚሸኑት የመጨረሻው ይሆናል፤ እሱ ይጨመራል። ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ባለመድፋት ነው፤ ያኔ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። አንድ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ከፈሰሰ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ለላቦራቶሪው ተናግረው እንደገና ይጀምሩ። ዕቃው ውስጥ ቀድሞ አሲድ ካለ አያፍስሱት፣ ቆዳዎንም እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የስቴሮይድ ቅባት የሚቀቡ ከሆነም አስቀድመው ያሳውቁ።